አልተገኘም

ሐረጎ ዳገቱ ጆሮ ይደፍናል፣
ቦርከና ከታች ቀጥኖ ክር መስሎ ይታያል።
ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
«ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል ለፍየል፣ ሰው አጥቶ።

በየሦስት ወሩ ይህን ዳገት ስወጣ
ለጠያቂ ሁሉ ምክንያት አላጣ፤
አንዴ ሰኞ ገበያ፣ አንዴ ልቅሶ አለብኝ፣
ደሴ ስንት ዘመድ በሐሰት ገደልሁኝ!

«ኮምቦልቻም እኮ ጤና ጣቢያ አለ፣»
ትለኛለች ሲስተር ዝናሽ፣ «እዚያው ብትወስጅው ምናለ?»
እዚያማ ዘበኛው የአጎቴ ልጅ ናት ሚስቱ፣
ካርድ ክፍሏ ደግሞ የፈረቃ ጓደኛዬ እህት።
ከተማው ሰፊ ነው ሲያዩት፣
ጠባብ ነው ሲያሙበት።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነኝ፣ የሌሊት፤
የማሽኑን ጩኸት ለምጄዋለሁ በዓመታት።
የማልችለው ድምፅ ያ ብልቃጥ ነው እንጂ፣
ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ቅጭል ቅጭል ሲል
መላው ኮምቦልቻ ዘወር የሚል ይመስል።
ስለዚህ ከባዘቶው ቆንጠር አደርግና
አፉ ድረስ እጠቀጥቃለሁ።
ዝም ይላል፣ እንደኔ።

ያ ጥቅምት ሲመጣ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣
አሥራ ዘጠኝ ፍሬ ቀርቶኝ ነበር በእጄ።
ቆጠርኳቸው ማታ፣ ቆጠርኳቸው ሲነጋ፣
ኪኒን እንደ በግ አይረባ!
ላንዱ ቀን ሰጥቼ ላንዱ ቀን ከለከልሁ፣
ደሜን እንደ እንግዳ በተራ አስተናገድሁ።

ኑርዬ ወንድሜ፣ ምስጢሬን የሚያውቅ እሱ ብቻ፣
«በባቲ በኩል አፋር ይገባል ሰው፣
በእግሬም ቢሆን ሄጄ አመጣልሻለሁ» አለ።
ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር፤
ክርኑ ላይ የጠቀምኩለት።

ከዚያ ወዲያ ፍለጋ ነው።
እናቴ ፖሊስ ጣቢያ፣ እናቴ ሆስፒታል፣ እናቴ ቀይ መስቀል፤
መዝገብ ይገለበጣል፣ ጣት በስሞች ላይ ይወርዳል፣
አልተገኘም።
እስከ ዛሬ ጎረቤት «ዘይት አልተገኘም» ሲል
እጇ ሳታዘው ደረቷ ላይ ይሄዳል።

መንገዱ ተከፍቶ ደሜ ሲመረመር
የቫይረሱ ቁጥር ሽቅብ ወጥቶ ነበር፣
እንደ ሐረጎ።
ሲስተር ዝናሽ አልተቆጣችኝም።
መስኮቱ በካርቶን በተደፈነ ክፍል
«እንደ አዲስ እንጀምራ፣» አለችኝ፣
«ከዛሬ ማታ፣ ከሦስት ሰዓት።»

ጀመርን።
ፈረቃ ላይ ከሆንኩ ሽንት ቤት ገብቼ፣
ቤት ከሆንኩ ዜናው ሲያልቅ፣
በረመዳን ከተራዊህ በፊት፣
አንዳንዴም እያለቀስኩ፣ አንዳንዴም ሰልችቶኝ፤
ግን ሦስት ሰዓት።

ዛሬ ወረቀቱን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች፤
«ጦይባ፣» አለች፣ «ተፈለገ፣
አልተገኘም።»

እጄ ደረቴ ላይ ሄደ።
ቃሉን አውቀዋለሁ፣ እኛ ቤት ተቀምጦ ስንት ዓመት በልቷል።
«ምነው፣ ደስ አይልም?»
ደስ ይላል እንጂ። ግን አንድ ቃል ሁለት ጊዜ
አንዴ ከል ለብሶ፣ አንዴ ኩል ተኩሎ ሲመጣ
ፊት የትኛውን ይቀበል?

«ጠፋ ማለት አይደለም፣» አለች፣ «መድኃኒቱን እንዳታቆሚ።
ደምሽ ውስጥ አለ። አለ፣ ግን አይገኝም።»
እኔም ለእናቴ የምላት ይህንኑ ነው፣
በየማታው፣ ስለ ኑርዬ፦
አለ።
ግን አልተገኘም።

ቁልቁል ስንመለስ ባዘቶ አልያዝኩም።
በየመታጠፊያው ሦስቱ ብልቃጥ ቅጭል ቅጭል ይላሉ።
አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ፣ ዶሮ ታቅፈው፣
«ምንድን ነው ልጄ፣ የሚንቃጨለው?»
«መድኃኒት ነው።»
«የምን?»
«የኔ።»
ዶሮዋን ወደ ሌላው ጉልበታቸው አዛወሩና
ለቦርሳዬ ቦታ ለቀቁልኝ።

ጢጣን አለፍን። ሐረጎን ወረድን።
ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጆሮዬ ጧ ብሎ ተከፈተ።